የገጽ አርባ ደረጃ

በ2087 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የነጭ ሜዳ ከተማ ገጽ አርባ ሲገለጥ በቦታው የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የገጽ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወርዶፋ ጉታ፤ ሥዕሉን የሣሉት የሰማንያ ሦስት ዓመቷ ወይዘሮ ኤልዳና ሰይፉ፤ ቤት የሚጠብቁት የድንኳን ነዋሪዎች ተወካይ እታለም መንገሻ፤ ታናሽ ወንድሟ፣ የከተማው ለኪ ቢያድግልኝ መንገሻ፤ ከገመዱ ወዲያ ደግሞ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ። ገንቢውም ነበረ። ገንቢው ግን የሌለበት ቦታ ስለሌለ በቃለ ጉባኤ አይመዘገብም።

ነጭ ሜዳ መጽሐፏን ያገኘችው በዕጣ ነው። በ2046 አዳዲስ ከተሞች ይሠሩ ሲባል፣ ሥዕል አይቶ የሚገነባ ማሽን ሞልቶ ነበር፤ ከተማ የሚነድፍ ሰው ግን ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ የቆዩ የፊልም መጻሕፍት ተፈለጉ። ድሮ ስለ መጪው ዘመን ፊልም ሊሠራ ሲታሰብ፣ ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ሠዓልያን ይሰበሰቡና ገና ያልኖረውን ዓለም ይሥሉት ነበር፤ ከተማውን፣ መርከቡን፣ ልብሱን፣ የሰማዩን ቀለም ሳይቀር። ያ ሁሉ ተጠርዞ መጽሐፍ ይሆናል። ለነጭ ሜዳ የደረሳት መጽሐፍ ስልሳ አራት ገጽ አለው። ፊልሙ ጨርሶ አልተቀረጸም። ታሪኩ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ መጽሐፉ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ የለውም። ቢሆንም ሰዉ በዕጣው አላጉረመረመም። ከሐይቁ ማዶ ላለችው ከተማ የባሕር ውስጥ ፊልም ደርሷት፣ ነዋሪዎቿ እስከ ዛሬ ድረስ ጎረቤታቸውን በክብ መስኮት ነው የሚያዩት።

ገንቢው የሚባለው ማሽን በዓመት አንድ ገጽ ይሠራል። ስለዚህ በነጭ ሜዳ "የት ሰፈር ነህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ "ስንተኛ ገጽ ነህ?" ነው የሚባለው። ዕድሜም በገጽ ይቈጠራል። ቢያድግልኝ የተወለደው ገጽ ዐሥራ አንድ በተገለጠበት ዓመት ነው። ገጽ ዘጠኝ የተሣለው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ የመስኮቱ መስታወት ሁሉ ብርቱካናማ ነው፤ እዚያ ያደገ ልጅ ሌላ ሰፈር ሲሄድ ዐይኑን ያሻል። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ ዝናብ ስለተሣለ እዚያ ሁልጊዜ ይዘንባል፤ በየጣሪያው ጫፍ ከተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ፣ በበጋም በክረምትም። ገጽ ሃያ ስምንትን የሣለው ሰው ግራ ጎኑን ሳይጨርስ ትቶት ነበር። ገንቢው የእርሳሱን መስመር እንዳለ በብረት ዘንግ አቆመው። የሰፈሩ ሴቶች ልብስ ያሰጡበታል።

ደግሞ ገንቢው የሚሠራው በሥዕሉ የሚታየውን ብቻ ነው። ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ሰው ራሱ በጭቃና በቆርቆሮ ይሞላዋል። "ከፊት ሥዕል፣ ከኋላ ቆርቆሮ" የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ለሰውም ይነገራል።

የቢያድግልኝ ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነበር። ገንቢው አዲስ ገጽ ከመጀመሩ በፊት፣ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ "የሰውየው ቁመት ስንት ነው?" የፊልም ሠዓልያን በትልቅ ሥዕል ግርጌ አንዲት ትንሽ ሰው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር፤ ተመልካቹ በዚያች ሰው ለክቶ ግንቡ ስንት ሰው እንደሚያህል እንዲያውቅ። ገንቢውም የሚለካው በዚያችው ሰው ነው። የሰውየው ቁመት ከታወቀ በሩም፣ መስኮቱም፣ የመንገዱ ስፋትም ይታወቃል። ከቢያድግልኝ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ለኪ ጡረታ ሲወጡ ሥራውን ያስረከቡት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

"አትጨነቅ ልጄ፤ ሰው አንድ ሜትር ከሰባ ነው።"

ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ይኸው መልስ ተሰጥቶ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ልክ ሆኗል። ባለፈው ዓመት ኅዳር ገንቢው ስለ ገጽ አርባ ሲጠይቅ ቢያድግልኝ ሥዕሉን አየው። ከግርጌ አንዲት ምስር የምታህል ሰው ቆማለች፤ ቀይ ልብስ ለብሳ፣ በእጇ ፋኖስ የሚመስል ነገር ይዛ፣ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ። "አንድ ሜትር ከሰባ" ብሎ ጻፈ፤ ከጻፈም በኋላ ፊደሉ እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊደሉ አልተሳሳተም።

እየተሠራ ያለ ገጽ በነጭ ሸራ ይጋረዳል። ከሸራው ወዲያ የሚገባው ለኪው ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ቢያድግልኝ ገብቶ ደረጃው ማለቁን አየ። ከመጀመሪያው ደረጃ አጠገብ ቆመ። ደረጃው ጉልበቱ ድረስ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ዘጠና ስድስቱም እንዲሁ። ወደ ቢሮው ተመልሶ መጽሐፉን አወጣና ያችን ምስር በማጉያ መነጽር አያት። ራሷ ለቁመቷ ትልቅ ነበር። እግሯ አጭር ነበር። የዐዋቂ ሰው ቁመት ሰባት ራስ ይሆናል፤ እሷ ስድስትም አትሞላም። ልጅ ነበረች። ከሰባት ዓመት የማትበልጥ ልጅ፣ ምናልባት አንድ ሜትር ከዐሥራ ስምንት። እሱ ዐዋቂ ነች ስላለ ገንቢው ሁሉን ነገር አንድ ተኩል ጊዜ ሊሞላ በተቃረበ መጠን አግዝፎ ሠርቶታል።

ሕጉ ግልጽ ነው። ያለቀ ገጽ አይታረምም፤ ይፈርስና እንደገና ይሠራል። የእህቱ የእታለም ድንኳን አንድ ክረምት ጭቃ ላይ ቆሟል፤ ሁለተኛውም ደርሷል። በገጽ አርባ የደረሳት ቤት ስልሳኛው ደረጃ ላይ ነው። እታለም ደግሞ ግራ ጉልበቷን ያማታል። ዝም ቢል እህቱ ያን ደረጃ ልትወጣ ነው። ቢናገር እሷና አራት መቶ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ ሁለት ክረምት ይጨመርባቸዋል። ቢያድግልኝ በተፈጥሮው ሰው ፊት መናገር የሚከብደው ልጅ ነበር። ዝም አለ። ስድስት ወር ዝም አለ።

በመካከሉ፣ ነሐሴ ላይ፣ አቶ ወርዶፋ ደስ ብሏቸው ቢሮ ገቡ። የገጽ አርባ ሠዓሊ በሕይወት አሉ፤ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። በሕጉ መሠረት የሣለው ሰው በሕይወት ካለ፣ እሱ ሳይፈርም ገጽ አይዘጋም። በነጭ ሜዳ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የመጀመሪያው ነበር።

"ክብር ነው" አሉ አቶ ወርዶፋ። "አንተ ትቀበላቸዋለህ።"

በመገለጫው ቀን ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢያድግልኝ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቃቸው። ወይዘሮ ኤልዳና አጭር፣ ጎበጥ ያሉ፣ ከዘራቸውን ከመሬት ይልቅ ወደ ነገር ለመጠቆም የሚጠቀሙበት ሴት ነበሩ።

"እማማ ኤልዳና?"

"ስሜ ላይ አትሳቅ። እኛ ስንወለድ የልጅ ስም ነበር፤ አሁን የአሮጊት ሆነ።"

"አልሳቅሁም እማማ።"

"ልትስቅ ነበር። ሳቁ አፍህ ጠርዝ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው። ማን ልበልህ?"

"ቢያድግልኝ።"

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "አድገሃል" አሉና መንገድ ጀመሩ።

በገጽ ዐሥራ ሰባት በኩል ማለፍ ግድ ስለነበር ጃንጥላ ዘረጋላቸው። ወይዘሮ ኤልዳና መካከል መንገድ ላይ ቆመው እጃቸውን ከጃንጥላው አወጡ። ዝናቡ መዳፋቸው ላይ ወረደ።

"ይህን የሣለው ያፌት ነው" አሉ። "የዚያን ቀን ውኃ ቀለሙ ላይ ደፍቶ ነው እኮ። ቢበላሽበት ጊዜ ዝናብ ነው አለን።" ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። በመስኮቱ አንዲት ሴት የዝናብ ካፖርት ለብሳ አበባ ታጠጣ ነበር። "አርባ ዓመት ይዘንባል በለኛ።"

"ሃያ ሦስት ዓመት እማማ። ገጽ ዐሥራ ሰባት በ2064 ነው የተገለጠው።"

"ያፌት ይህን ሳያይ ሞተ" አሉና መራመዳቸውን ቀጠሉ። ቢያድግልኝ ሊነግራቸው ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሦስት ጊዜም "እዚህ ጋ ያዳልጣል" አለ።

ሸራው ፊት ሲደርሱ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር። እታለም ከገመዱ ወዲህ ሆና ቢጫ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣለች። ከቧንቧ እየተመለሰች ነበርና ውኃ ሞልቶበታል። ወንድሟን ስታይ በእጇ ጠራችው።

"ቢያዴ፣ ሳሎኑ ስንት እርምጃ ነው?"

"ሰፊ ነው።"

"ስድስት ወር ሙሉ ስጠይቅህ ሰፊ ነው። የጣሪያውስ?"

"ከፍ ያለ ነው።"

"ይህን ልጅ ገንቢው ነው እንዴ የወለደው" አለች ለጎረቤቷ። "አንድ ቃል ጨምሮ ቢናገር ምላሱ የሚያልቅ ይመስለዋል።"

አቶ ወርዶፋ ንግግራቸውን አደረጉ። በንግግራቸው መካከል መጽሐፉን ከፍ አድርገው "ይህ ፋኖስ የያዘው ጀግና ወታደር ለመጪው ትውልድ ብርሃን ይዞ" ሲሉ፣ ወይዘሮ ኤልዳና ከተቀመጡበት ወንበር ቀና አሉ። ከዚያ ሸራው ወረደ።

 ሸራው ከላይ ጀምሮ እየታጠፈ ሲወርድ መጀመሪያ የታየው ሰማይ ነበር፤ ግን በትልቅ ክብ ቀዳዳ ውስጥ የታሰረ ሰማይ፣ ከሌላው ሰማይ ይልቅ የጠቈረ ሰማያዊ። ከቀዳዳው ሥር ነጭ የሐይቅ ድንጋይ እንደ ተራራ ጎን ወደ ታች ፈሰሰ። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የወፍ ጎጆ ገደል ላይ እንደሚደረደር ቤቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ በር፣ መስኮትና ሰገነት አለው። በመካከሉ ደረጃው። ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ክቡ ሰማይ ድረስ የሚሄድ፣ ጠርዝ ጠርዙን በተቈረጠ ቦይ ውኃ የሚወርድበት፣ ጧት ብርሃኑ ከላይ ገብቶ እያንዳንዱን ደረጃ በየተራ የሚያበራው ደረጃ። ገንቢው በሥዕሉ መሠረት ሰባት የብረት ወፎች ክቡ ጠርዝ ላይ ሰቅሎ ነበር። ሸራው ሲወርድ ሐይቁ ላይ የነበሩት እውነተኞቹ ደንግጠው ተነሡና በቀዳዳው ውስጥ አለፉ። የተሣሉት ሰባት ናቸው። ያለፉትን የቈጠራቸው የለም።

አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። አጠገባቸው የቆመውም አወለቀ። ቢያድግልኝ ስድስት ወር ያየው ነገር ነበር፤ ግን ያየው ከውስጥ፣ ከሥሩ ሆኖ፣ በስሕተቱ በኩል ነበር። አሁን ሥዕሉ ከታየበት ቦታ ሆኖ አየው። እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ ወረቀት ላይ መወለዱ ገረመው። አንድ ቁጥር በስሕተት በመጻፉ እንዲህ መግዘፉም አስፈራው።

ከዚያ ወይዘሮ ኤልዳናን አየ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ከዘራቸው ከእጃቸው ወድቋል፤ አላወቁም።

ቆይተው "መጽሐፉን" አሉ።

አቶ ወርዶፋ አቀረቡላቸው። በጣታቸው ሄደው ያችን ምስር ነኩ።

"ይህን ማን ለካው?"

"የእኛው ለኪ ነው እማማ" አሉ አቶ ወርዶፋ በኩራት። "ይኸው፣ ቢያድግልኝ።"

ሕዝቡ ዞሮ አየው። ቢያድግልኝ ከዚያ በፊት በብዙ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። ሲናገርም ቃላቱ እንደ ተጻፉ ያህል አንድ በአንድ ወጡ።

"እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የለካሁት። አንድ ሜትር ከሰባ ብዬ ጻፍሁ። ልጅ ናት። በግንቦት ዐወቅሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም። ደረጃው ከልኩ በላይ ነው። በሩም፣ ሁሉም።"



"ስድስት ወር?" አለች እታለም። ከጀሪካኑ ተነሣች። "ስድስት ወር ሙሉ ድንኳኔ ገብተህ ሽሮዬን እየበላህ፣ ጉልበቴን በቅባት እያሸህልኝ፣ ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለ ነው?"

"እህቴ..."

"እህቴ አትበለኝ። ለኪ። እስቲ ይህን ለካ፤ ስልሳ ደረጃ በስንት ጉልበት ይወጣል?"

አቶ ወርዶፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወይዘሮ ኤልዳና ጎንበስ አሉ። "እማማ፣ ትልቅ መሆኑ ምን ክፋት አለው። ሰዉ ወዶታል። እንዳላዩ ይፈርሙልን። አይመሳሰልም ብለው ከጻፉ ገንቢው ነገ ጎሕ ሲቀድ ማፍረስ ይጀምራል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ወደ ጭቃው ይመለሳሉ።"

"ቆይ" አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። "መጀመሪያ ወታደሩን ላስተዋውቃችሁ። ወታደር አይደለም፤ እኔ ነኝ። የያዝሁትም ፋኖስ አይደለም፤ ምሳ ዕቃ ነው።"

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ወይዘሮ ኤልዳና ለቢያድግልኝ እጃቸውን ሰጡት። ይዟቸው ገመዱን አልፈው ደረጃው ሥር ደረሱ። የመጀመሪያው ደረጃ ከጉልበታቸው በላይ መጣ። አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ቆሙ። በመጽሐፉ ላይ ያለችው ልክ እንደዚያ ነበር የቆመችው።

"አባቴ የፎቅ ግንባታ ጥበቃ ነበር" አሉ። የሚናገሩት ለቢያድግልኝ ነበር፤ ግድግዳው ግን ድምፃቸውን ይዞ ለሁሉም አከፋፈለው። "አዲስ አበባ ውስጥ ያላለቀ ፎቅ፣ በ2011። እናቴ ምሳውን ይዤለት እንድሄድ ላከችኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ሲሚንቶው እንደ ፈሰሰ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ጉልበቴ ድረስ። ከሥሩ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ጣሪያው ገና አልተሞላም፤ በቀዳዳው ሰማዩ ይታያል። አባቴ ከላይ ሆኖ ፈርታ ቆመች ብሎ ሊወስደኝ ወረደ። አልፈራሁም። እያየሁ ነው የቆምሁት። ያን ያህል ትልቅ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።"

"በኋላ ፎቁ አለቀ?" አለ ቢያድግልኝ።

"አለቀ። ዐድጌ ሄጄ አየሁት። ተራ ደረጃ ነው። አልቅሼ ተመለስሁ።" ከንፈራቸውን ነከሱ። "ከዚያ ለፊልሙ ሣልሁት። አዘጋጁ ትንሽ ነው፣ ግርማ የለውም አለኝ። እንደገና ሣልሁ። ትንሽ ነው አለ። ወረቀት ላይ ግንብ ማግዘፍ ምን ማለት መሰለህ? ሰውየውን ማሳነስ ነው። ልጅቱን አሳንሻት አለኝ። እምቢ አልሁ። ከዚያ በላይ ልታንስ አትችልም፤ ያ ቁመቴ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ ይህን ደረጃ እንደዚያ ቀን ዳግመኛ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም። እናንተ ሳታውቁ መጣችሁና ሠራችሁልኝ። እዚህ ፊት የቆመ ሁሉ ሰባት ዓመቱ ነው።"

አቶ ወርዶፋ እስክሪብቶውን ይዘው ቀረቡ። "እንግዲያው ልክ ነዋ እማማ።"

"ለእኔ ልክ ነው። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ሥዕል ስሥል ሰው ይኖርበታል ብዬ አልሣልሁትም።" ዞረው እታለምን ፈለጉ። "ልጄ፣ የሚያምሽ የትኛው ጉልበትሽ ነው?"

"ግራው። ሁለት ክረምት ጭቃ ጠጥቷል።"

"አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ይፍረስ ካልሽ አይመሳሰልም ብዬ እጽፋለሁ። እውነቱም እሱ ነው።"

እታለም ደረጃውን አየች። ወንድሟን አየች፤ እሱ ግን የጫማውን ጫፍ ነበር የሚያየው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ፣ ከገመዱ ወዲያ ያሉትን አንድ በአንድ አየቻቸው።  ጀሪካኑን አነሣች።

"ውኃ ተይዞ የማይወጣበት ቤት ቤት አይባልም" አለች። "ልየው።"

የመጀመሪያውን ደረጃ በቀኝ እግሯ ልትወጣ ሞከረች፤ ግራው አልያዘላትም። ወረደች። ጥቂት አሰበች። ጀሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ እግሮቿን ሰብስባ ወደ ላይ አዞረቻቸውና ተነሣች። ሕፃን ልጅ ከፍ ያለ ደፍ ሲወጣ የሚያደርገው ነው። ከዚያ ጀሪካኑን አንሥታ ቀጣዩ ላይ አስቀመጠች። እንደገና ተቀመጠች። ሕዝቡ መቍጠር ጀመረ፤ በሹክሹክታ፣ እንደ ጸሎት። ዐሥር። ሃያ። ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመች። ቢያድግልኝ ሊወጣላት አንድ እግሩን አነሣ።

"እዚያው ቁም" አለች ሳትዞር። "አንተ ስትነካው ይገዝፋል።"

ሰዉ ሳቀ፤ ቢያድግልኝም ሳቀ፤ ዐይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ስልሳኛው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። ከታች ሲያዩዋት ምስር ታህል ነበር። እግሯ ከደረጃው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። 

"እንዴት ነው?" አሉ አቶ ወርዶፋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ከልለው።

"ጉልበቴ ሞቷል" አለች። ድምፅዋ በግድግዳው ላይ እየተመላለሰ ወረደ። "ውኃው አልፈሰሰም። ከዚህ ሐይቁ እስከ ዳር ይታያል። እዚህ ላይ ሆኜ ሁለት ክረምት የኖርሁበትን ድንኳን ፈለግሁት፤ አጣሁት።" ትንሽ ቆየችና "አታፍርሱት" አለች። "በየደረጃው መካከል ግማሽ ደረጃ እኛው እንሠራለን። የገጽ ጀርባ ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነን።"

ገመዱን ማን እንደ ፈታው አልታወቀም። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ጎልማሳው በሆዱ እየተሳበ፣ አሮጊቷ እየተቀመጠች፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰው በአራት እግሩ። አቶ ወርዶፋ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሦስተኛው ላይ ደርሰው ተቀመጡ፤ ፊታቸውም አስቀድሞ ማንም አይቶት የማያውቀው ዓይነት ነበር። ብርሃኑ በየተራ ያልፍባቸዋል። በእውነት ልጆች የሆኑት ብቻ ናቸው ያልወጡት፤ ለእነሱ ደረጃው ተራራ ነበር፤ ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

ወይዘሮ ኤልዳና ቢያድግልኝን እጁን ያዙት። "አስቀምጠኝ።"

በብብታቸው ይዞ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አስቀመጣቸው። እግራቸው መሬት አልነካም። ትንሽ አወዛወዙት። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከምስሯ አጠገብ ፈረሙ።

"ስሕተቱንም በቃለ ጉባኤው ጻፉት" አሉ። "ፊደሉን ሳትሳሳቱ ጻፉት። ማን እንደ ለካ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን እንደ ወጣ። ደግሞ አንተ ልጅ፤ ገጽ አርባ አንድም የእኔ ነው።"

"ዐውቃለሁ እማማ።"

"እዚያም አንድ ሰው አለ።"

"ቁመቱ ስንት ነው?"

"አሁን ነው የለኪ ጥያቄ የጠየቅኸው" አሉ። መልሱን ግን አልነገሩትም፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ነበር።

ገጽ አርባ በዚያው ቀን ተዘጋ። የተዘጋን ገጽ ገንቢው ተመልሶ አይነካም። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ነዋሪዎቹ በደረጃው ግራ ጎን ከታች እስከ ላይ ግማሽ ደረጃ ከሐይቅ ድንጋይ ሠሩ፤ ቀኙን እንዳለ ተዉት። ኅዳር 15 ቀን ገንቢው በሰሌዳው ላይ "የሰውየው ቁመት ስንት ነው?" ብሎ ስለ ገጽ አርባ አንድ ጠየቀ። ቢያድግልኝ ምንም አልጻፈም። መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ። ገንቢው መልሱ እስኪመጣለት ዐሥራ አንድ ቀን ሥራ ፈቶ ቆመ።